ነጠላና ጎፈሬ የሚፈትኑት ሶፍትዌር፦ ጊምፕ 3 በአራት ኪሎ ፎቶ ቤት

ባክግራውንድ ማጥፋት ዛሬ ማንም ይችላል። ስልካችሁ ላይ ጣታችሁን ጫን ታደርጋላችሁ፣ ሰውየው ተቆርጦ ይወጣል። ለፕሮፋይል ፎቶ ይበቃል። ሁለት ሜትር ባነር ላይ ሲታተም ግን ጉዱ ይወጣል። ጆሮው ሥር የግድግዳ ቁራጭ ተለጥፎ ይቀራል። የጸጉሩ ጫፍ ተሸልቶ ይመጣል። ትከሻውን አረንጓዴ ክር ይዞረዋል።

ስለዚህ አንድ ሶፍትዌር ሲያመጡልኝ የመቁረጫ ቁልፉን ብዙም አላይም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የቆረጠውን ማስክ ከፍቼ፣ ገብቼ፣ በእጄ እንዳጸዳው ይፈቅድልኛል ወይ?

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ነው። ፊት ለፊት ጉርድ ፎቶ ይነሳል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ። ሥራችን ወቅት አለው። ሰኔና ሐምሌ ምርቃት ነው፤ ከስድስት ኪሎም ከአምስት ኪሎም ጋዋን የለበሰ ሁሉ ወደኛ ይጎርፋል። ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ነው። የሙት ዓመት ፎቶ ግን ወቅት አይጠብቅም። በሁሉም ውስጥ ሁለት ነገሮች አይጠፉም፤ ነጠላና ጎፈሬ። ሁለቱም ጠርዝ የላቸውም ማለት ይቻላል። ሶፍትዌር የምፈትነውም በእነሱ ነው።

አሁን የምጠቀመው ጊምፕ 3 የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ነው። የቀድሞው 2.10 በ2018 ነበር የወጣው፤ እንግዲህ ሰባት ዓመት አስጠብቆናል። ዋጋው ዜሮ ነው። ፎቶሾፕ በወር በዶላር ይከፈልበታል፣ እኛ ደግሞ የዶላር ካርድ የለንም። «ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረው) አለልሽ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ከክራኩ ጋር የመጣ ቫይረስ የሰው የሠርግ ፋይል ሲበላም አይቻለሁ። ይቅርብኝ።

ማስክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሁለት መስመር ልጻፍ። ማስክ ከፎቶው ጋር የሚሄድ ጥቁርና ነጭ ስዕል ነው። ነጭ የሆነበት ቦታ ፎቶው ይታያል፣ ጥቁሩ ጋ ይደበቃል፣ ግራጫው ጋ በከፊል ያሳልፋል። በ8 ቢት ምስል ጥቁሩ 0፣ ነጩ 255 ነው። የኛ ጣጣ ሁሉ ያለው ከ1 እስከ 254 ባለው ውስጥ ነው። ጥፋቱም ውበቱም እዚያ ነው።

በመቁረጡ እንጀምር፤ ጊምፕ ደካማ የሆነውም እዚሁ ላይ ነው። ሰውን በአንድ ቁልፍ ለይቶ የሚያወጣ ነገር ከራሱ ጋር አይመጣም። ያለው ፎርግራውንድ ሴሌክት የሚባል መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን በግምት ትከቡታላችሁ። ኢንተር ትጫናላችሁ። ከዚያ በውስጥ በኩል በብሩሽ ትቀባላችሁ፣ ያልተቀባውን ጠርዝ ራሱ ያሰላዋል። ሁለት የስሌት መንገድ አለው። ለጸጉር ሌቪን የሚለው ይሻላል። ግን ይከብዳል። የኛ ኮምፒውተር 8 ጊጋ ራም ነው ያለው፤ ትልቅ ፎቶ ከሰጠሁት ወጥቼ ማኪያቶ ጠጥቼ ብመለስም ላይጨርስ ይችላል።

ስለዚህ ሙሉ ሰው አልሰጠውም። ጋዋኑን፣ ኮቱን፣ ጫማውን በፓዝ፣ ማለትም ነጥቦችን በመስመር በሚያገናኘው መሣሪያ፣ ነጥብ በነጥብ እቆርጣለሁ። ጨርቅና ቆዳ ጥርት ያለ መስመር ነው የሚወዱት። ፎርግራውንድ ሴሌክት የሚሠራው ጭንቅላቱ አካባቢ ብቻ ነው። ሁለቱን ምርጫዎች (ሴሌክሽኖች) ቻናል ላይ፣ ማለትም ምርጫ በሚቀመጥበት ጥቁርና ነጭ ምስል ላይ፣ አስቀምጬ በኋላ አንድ ላይ አዋህዳቸዋለሁ። መጀመሪያ አድካሚ ይመስላል። ስትለምዱት ግን ከአንድ ቁልፍ ይፈጥናል፣ ምክንያቱም በኋላ የሚጸዳው ቦታ ያንሳል።

አሁን ወደ ማስኩ። እዚህ ላይ ጊምፕ አንጀቴን ያርሰዋል። አልት ይዛችሁ የማስኩን ትንሽ ምስል ስትነኩ ስክሪኑ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ፎቶው ይጠፋና ማስኩ ብቻውን ይቀራል። ፎቶ ላይ የምትሠሩበት መሣሪያ ሁሉ እዚያም ይሠራል። ሌቭልስ (ጥቁሩንና ነጩን ማስተካከያው) ይሠራል፣ ብሩሽ ይሠራል፣ ክሎን (ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚቀባው) ይሠራል፣ ብለር (ማደብዘዣው) ይሠራል። ማስክን እንደ ማንኛውም ፎቶ ኤዲት ማድረግ ማለት ነው።

ከቆሻሻው ልጀምር። ዓይን የማያየው ቆሻሻ አለ። ጥቁር የሚመስለው ሜዳ ላይ 3 ወይም 5 የሆኑ ነጠብጣቦች ይቀራሉ። 0 ስላልሆኑ ፎቶው በዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ተራ ባክግራውንድ ላይ ማንም ልብ አይለውም። ተመራቂው ዙሪያ ወርቃማ ብርሃን ሲጨመርበት ግን እያንዳንዱ ነጠብጣብ የየራሱን ብርሃን ያበራል። ደንበኛው ደግሞ ዙሪያውን በብርሃን ካላሸበረቃችሁለት «አልደመቀም» ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማስኩን ብቻውን አይታችሁ ሌቭልስ ክፈቱ። የነጩን መቆጣጠሪያ ከ255 ጎትታችሁ ወደ 5 አውርዱት። ተደብቆ የነበረው ሁሉ ቦግ ብሎ ይወጣል። የት የት እንዳለ እዩና ካንስል በሉ። ከዚያ ትልቅ ጥቁር ብሩሽ ይዛችሁ እዚያ ቦታ ላይ ጥረጉ። የነጩ ቦታም እንዲሁ ነው። ፊት መሃል 250 የሆነ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ለእሱ የጥቁሩን መቆጣጠሪያ ወደ 250 አምጡት፣ ቀዳዳው ጠቁሮ ይታያል። ቀዳዳው ትልቅና ጥርት ያለ ከሆነ ማስኩን ወደ ሴሌክሽን ቀይራችሁ «ሪሙቭ ሆልስ» ስትሉ ሴሌክሽኑ ላይ ይደፈናል።

ጎፈሬ ሌላ ጉዳይ ነው። አውቶማቲክ የሆነ ነገር ሁሉ ጎፈሬ ሲያገኝ ድፎ ዳቦ ያደርገዋል፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ ጫፉ የተዘጋ። እውነተኛ ጎፈሬ ጫፉ ላይ ይሳሳል። ጥቅልሎቹ መሃል አየር አለ። በማስክ ቋንቋ፣ ከነጭ ወደ ጥቁር ቀስ እያለ በግራጫ የሚሄድ ነገር ነው። ሌቭልስን እዚያ ላይ ጠበቅ ካደረጋችሁት ግራጫው ይሞትና ዳቦው ይመጣል። በቃ፣ ሌቭልስን ጸጉር ላይ አታስነኩ።

እኔ የምጠቀመው ዶጅና በርን ነው፤ ዶጅ ያነጣል፣ በርን ያጠቁራል። ዶጅን ሃይላይት (ብሩሁ ክፍል) ላይ አድርጌ የጸጉሩን ውስጥ እነካካለሁ፤ ነጣ ያለው ይነጣል፣ ጥቁሩ ቦታ ብዙም አይነካም። በርንን ሻዶው (ጨለማው ክፍል) ላይ አድርጌ በውጭ በኩል እዞራለሁ፤ ጠቆር ያለው ይጠቁራል፣ የጸጉሩ ክር ይተርፋል። ኃይሉን ዝቅ አድርጋችሁ ደጋግሙት። በአንዴ ልጨርስ ካላችሁ ይቃጠላል።

ከዚህ የበለጠ የምወደው ክሎን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጎፈሬው በአንድ ጎን በደንብ ይቆረጣል፣ ምክንያቱም በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ ነው። በሌላው ጎን ዛፍ ይኖርና ቅጠሉና ጸጉሩ ይደባለቃሉ። ማስኩን ብቻውን እያየሁ ከደህናው ጎን ክሎን አድርጌ ወደ ተበላሸው አመጣለሁ። ቆረጥ፣ ዞር፣ ቆረጥ። አንድ ዓይነት ጥቅልል ደጋግሞ እንዳይታይ ምንጩን መቀያየር ነው። ጸጉሩ ማስኩ ላይ ብቻ ስለተሠራ ከሥር ያለው ቅጠል ሊታይ ይችላል። ቅጠሉ ጠቆር ያለ ከሆነ ጸጉር ይመስላል። ብሩህ ከሆነ ፎቶው ላይ ተመልሼ በጸጉሩ ከለር እቀባዋለሁ።

የጋዋኑ ጠርዝ ከተንቀጠቀጠ ሚዲያን ብለር የሚባለው ማለስለሻ ያስተካክለዋል። ከዚያ ሌቭልስ ጠበቅ ማድረግ ነው። አንድ ተንኮል ግን አለው፤ የምርቃት ቆቡን ማዕዘን ይበላል። ቆቡን ከምርጫው አውጡት።

አሁን ወደ ነጠላው። ባለፈው ጥር ከነበረ ሠርግ አንድ ፎቶ መጣልን። የሙሽራዋ እናት ናቸው። ከኋላቸው አረንጓዴ ዛፍ ሞልቶታል። ፎቶውን ለሳሎን ያሳድጉታል፣ ባክግራውንዱ ጥቁር ቡናማ ይሁን ብለዋል። ቆርጬ ቡናማው ላይ ሳስቀምጠው እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነጠላ ነው ወይስ ጋቢ?»

«ገና ነው እማማ፣ አሁን ይሳሳል» አልኳቸው።

ከዚህ የተሻለ አስተያየት ከባለሙያም ሰምቼ አላውቅም። ቆራጩ ነጠላውን ሙሉ ነጭ፣ ማለትም 255 አድርጎታል። አልባሳቱ ወረቀት ሆነ። ነጠላ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ አንድ እጥፍ የሆነበት ቦታ ላይ የኋላው መታየት አለበት። እጥፉ ሲደራረብ ደግሞ እየደፈነ ይሄዳል። ጥለቱ ግን ሙሉ ለሙሉ ድፍን ነው።

ጊምፕ እዚህ ላይ የሚሰጠኝን ቁልፍ ሌላ ቦታ እንዲህ ቀሎ አላገኘሁትም። ሌየሩን (ፎቶው ያለበትን ንብርብር) ኮፒ አድርጌ ማስክ ስጨምርበት «የሌየሩ ግራጫ ኮፒ» የሚል ምርጫ አለ። ፎቶው ራሱ ማስክ ይሆናል ማለት ነው። የነጠላው ክር ብሩህ ነው፤ ማስኩ ላይ ነጭ ይሆናል። በክሮቹ መሃል የሚታየው ዛፍ ጨለማ ነው፤ ማስኩ ላይ ጥቁር ይሆናል። ሽመናው ራሱ ማስኩን ሠራው! የቀረኝ ሌቭልሱን ማመጣጠን፣ ከነጠላው ውጭ ያለውን በጥቁር መጥረግና ጥለቱን በነጭ መቀባት ነው። እጥፍ የበዛበት ቦታ በለስላሳ ብሩሽ ነጣ አደርገዋለሁ። ዘርፉን ክር በክር ነው የሠራሁት፤ እዚያ ላይ አቋራጭ የለም። ይህ ዘዴ ከኋላው ያለው ከነጠላው ከጠቆረ ብቻ ነው የሚሠራው። ነጭ ግድግዳ ፊት የተነሳ ነጠላ ሲመጣ በእጅ ግራጫ መቀባት ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ከዚያ አረንጓዴው ይቀራል። የዛፉ ከለር በስስ ጨርቅ ውስጥ አልፎ ነጠላውን አረንጓዴ ነክቶታል። ማስክ ይህን አያድንም፣ ምክንያቱም ችግሩ ከለር ነው። ከማስኩ ወጥቼ ፎቶው ላይ ብሩሹን «ኤልሲኤች ከለር» በሚለው ሞድ አደርግና ከንጹሑ ነጠላ የወሰድኩትን ነጭ እቀባበታለሁ። ብርሃንና ጥላው እንዳለ ሆኖ አረንጓዴው ብቻ ይለቃል። እማማ ሊወስዱት ሲመጡ ጣታቸውን ጥለቱ ላይ አድርገው ትንሽ አዩት። «አሁን ነጠላ ሆነ» አሉ። ከፈሉ፣ ሄዱ።

ፎቶሾፕን ባልወድም መመስከር ግድ ነው። ድሮ በሠራሁበት ማተሚያ ቤት የምጠቀመው እሱን ነበር። ጠርዝ የማጽዳት ነገር እዚያ ረጅም ታሪክ አለው። ሪፋይን ኤጅ የሚባለው ጠርዝ ማስተካከያ በ2007 ከሲኤስ3 (የዚያን ጊዜው ፎቶሾፕ) ጋር ገባ። በ2016 ሴሌክት ኤንድ ማስክ ተካው። በ2018 ሴሌክት ሰብጀክት መጣና ሰውን በአንድ ቁልፍ መለየት ጀመረ። ሁሉም ዘመኑ እዚህ እ.ኤ.አ. ነው። ሴሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ ጸጉሩን በሪፋይን ብሩሽ አንዴ ማሸት ብቻ ነው፤ ግድግዳ ፊት ከሆነ የኔን የግማሽ ሰዓት ሥራ ወዲያው ይጨርሰዋል። ይህን መካድ አልችልም። በቀን ሃምሳ ተመራቂ ለሚቆርጥ ቤት ዶላሩ ይመልሳል።

የማልወደው ዲኮንታሚኔት ከለርስ የሚለውን ነው። ጠርዝ ላይ የቀረውን የባክግራውንድ ከለር በሰውየው ከለር ይተካዋል። ፒክስሉን (የፎቶውን ነጥብ) ራሱን ስለሚቀይር ውጤቱን ማስክ ላይ ብቻ አያወጣም፣ አዲስ ሌየር ይፈጥራል። ጎፈሬ ላይ ደግሞ ግንባሩ አጠገብ የቆዳ ከለር ጸጉሩ ውስጥ ሲያስገባ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ሪፋይን ብሩሹም ቅጠል ሲያይ ይደናገራል። ነጠላ ላይ ያው ጋቢ ነው የሚያደርገው። የመጨረሻው ሥራ እዚያም ቢሆን ማስኩን ከፍቶ በእጅ ነው።

ፎቶፒያን ደግሞ ለተማሪዎች ነው የምመክረው። ኢቫን ኩትስኪር የሚባል አንድ ሰው የጀመረው፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ በብሮውዘር የሚሠራ ኤዲተር ነው። መልኩ ፎቶሾፕን ይመስላል። ፎቶው ወደየትም አይጫንም፣ ሥራው የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው። አንዴ ከተከፈተ ኢንተርኔቱ ቢጠፋ እንኳ ሥራው ይቀጥላል፤ ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ሪፋይን ኤጁ ግልጽ ነው። በነጭ «ይህ ሰው ነው» ትሉታላችሁ፣ በጥቁር «ይህ አይደለም»፣ በግራጫ «አንተ ወስን»። ማስክ ምን እንደሆነ ለማስተማር ከሱ የተሻለ አላየሁም። በነጻው ግን ማስታወቂያው የስክሪኑን ጎን ይይዛል፣ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ያንቃል። መብራት ከጠፋና ሴቭ ካላደረጋችሁ ደግሞ ራሳችሁን አጽናኑ።

ስለ አሮጌ ፎቶዎች ሳልናገር አላልፍም። ፒያሳ የአርመኖች ፎቶ ቤት የነበረበት ሰፈር ነው፤ ቦያጂያኖች የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። የዚያን ዘመን ፎቶ ዛሬም ሰዎች በፖስታ ጠቅልለው ያመጣሉ። «አያቴን ብቻ አውጪልኝ» ይሉኛል። አያትየው ጥቁር ኮት ለብሰው ጥቁር መጋረጃ ፊት ተቀምጠዋል። ከለር ያለው ፎቶ ቢሆን ከሦስቱ የከለር ቻናሎች (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ልዩነቱ የጎላውን መርጬ፣ ለምሳሌ ሰማይ ፊት የቆመን ሰው ከሰማያዊው ቻናል፣ ማስክ እሠራ ነበር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ሦስቱም ቻናል አንድ ነው። ምንም አይሰጥም። በአንድ ቁልፍ የሚቆርጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎትም እዚህ ላይ ይሸነፋል፣ ኮቱንና መጋረጃውን አንድ ላይ ያወጣቸዋል። ፓዝና ትዕግሥት። ዋጋውንም መጀመሪያ እነግራቸዋለሁ።

ለጉርድ ፎቶ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ነጭ ባክግራውንድ ነው፣ አንሺው መብራቱን ካስተካከለ መቁረጥም የለበትም።

ጊምፕ ላይ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ሌየሩና ማስኩ ጎን ለጎን ናቸው፤ የትኛው ላይ እንዳላችሁ የምታውቁት በቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ነው። ሰው ሲያናግራችሁ ዘወር ብላችሁ ስትመለሱ ማስኩን ያጸዳችሁ መስሏችሁ ፊቱ ላይ ጥቁር ትቀባላችሁ። ኮንትሮል ዜድ ያድናል፣ ግን ያበሳጫል። ሊኑክስ ላይ የምትሠሩ ደግሞ አልት ይዛችሁ ስትነኩ መስኮቱ ራሱ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ የሲስተሙን ሴቲንግ መቀየር ነው።

ለማተሚያ ቤት የምልከውን ፋይል በፒኤስዲ (በፎቶሾፕ የፋይል ዓይነት) ኤክስፖርት አደርገዋለሁ። ማስኩ ሳይጠፋ ይሄዳል፣ እነሱ ፎቶሾፕ ላይ ይከፍቱታል። ጄፔግ ግን ማስክም ግልጽነትም አይዝም። «በጄፔግ ላኪልን» የሚል ማተሚያ ቤት ካጋጠማችሁ ባክግራውንዱን ጨርሳችሁ ላኩ። አለበለዚያ እነሱ በአንድ ቁልፍ ይቆርጡታል፣ እማማም ጋቢያቸውን ይዘው ይመጣሉ።